ያልተሟሸ ሸክላ አይወቀስ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በዓል በመጣ ቁጥር ጋዜጦቻችን ስለ ጀበናው፣ ስለ መሶቡና ስለ ሸክላ ድስቱ ውበት ይጽፋሉ። ደግ ነው። ዕቃው ቤት ገብቶ በሁለተኛው ሳምንት ሲሰነጠቅ ግን የሚጽፍለት የለም። የገዛችው ሴት «የዛሬ ሸክላ አይረባም» ብላ ገሉን ትጥልና ብረት ድስቷን መልሳ ትጥዳለች። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሸክላው ሳይሆን የአመራረጡና የአጀማመሩ ነው። እናቶቻችን ይህን በቃል ያስተላልፉት ነበር፤ አሁን ሰንሰለቱ ተበጥሷልና በጽሑፍ ይቀመጥ ብዬ ነው።

ለምን እንደሚሰነጠቅ ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይበቃል። አፈሩ ተቆፍሮ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ከዚያ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ይጨመርበታል። ገሉ ማብዣ አይደለም፤ ጭቃው ሲደርቅ ከመጠን በላይ እንዳይኮማተር፣ እሳት ሲነካውም በውስጡ የቀረው እርጥበት መውጫ እንዲያገኝ የሚያደርገው እሱ ነው። የተቦካው ጭቃ ካደረ በኋላ ያለ ምንም መሽከርከሪያ በእጅ ብቻ ይበጃል፣ በለስላሳ ጠጠር ይታሻል፣ ጥላ ውስጥ ለቀናት ይደርቃል፤ በመጨረሻ ሜዳ ላይ በኩበት፣ በእንጨትና በጭድ ይተኮሳል። በአዲስ አበባው ቀጨኔም ሆነ በጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራ በታወቁባት መንደር፣ ሥራው በመሠረቱ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ የገበያውን ወቅት እናስብ። ብዙ ሰው ሸክላ የሚገዛው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ነው። ለዚያ ገበያ የሚደርሰው ዕቃ የሚደርቀው ግን በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነው፤ ጥላውም እርጥብ፣ ኩበቱም እርጥብ። በቅጡ ያልደረቀ ሸክላ እሳት ሲገባ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ገላውን ይፈነቅለዋል። ያን ፈርታ ሠሪዋ እሳቱን ብታሳንሰው ደግሞ ሳይበስል ይወጣል። ስለዚህ ምጣድና ድስት የሚገዛ ሰው ከቻለ የታኅሣሥንና የጥርን ፀሐይ ይጠብቅ። ለመስከረም የሚያስፈልገውንም ያኔ ገዝቶ ማስቀመጥ ይችላል፤ ሸክላ ተቀምጦ አይበላሽም።

ገበያ ላይ መጀመሪያ የሚፈትነው ጆሮ ነው። ዕቃውን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ በጣት መገጣጠሚያ ማንኳኳት። በደንብ የበሰለና ያልተነካ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ወይ አልበሰለም ወይ ዓይን ያላየው ስንጥቅ አለበት። ቀጥሎ ገላውን በዓይን ማሰስ፤ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ከታዩ ይለፉት። ኖራ ድንጋይ ነው። እሳት ውስጥ ያለፈ ኖራ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ከሳምንታት በኋላ ፊቱን ፈንቅሎ ይወጣና ጉድጓድ ይተዋል፤ እንጀራም እዚያች ጉድጓድ ላይ ይጣበቃል። ምጣድ ከሆነ ደልዳላ ቦታ አስቀምጦ ጠርዙን ተራ በተራ መጫን ያስፈልጋል። የሚንገዋለል ምጣድ ላይ ሊጡ ወደ ዝቅታው ይሄዳል፣ እንጀራው በአንድ ወገን ወፍራም በሌላው ስስ ይሆናል።

የጀበና ደካማ ቦታ አንገቱ ነው። ሆዱ ተሠርቶ ጠንከር እስኪል ይጠበቅና ነው አንገቱ የሚቀጠልለት። ሆዱ አጉል ከደረቀ በኋላ እርጥብ አንገት ከተጫነበት፣ አንገቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሆዱ ግን መኮማተሩን ጨርሷል። መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ይቀራል። ጀበናውን ወደ ብርሃን አዙሮ አንገቱን ዙሪያውን፣ እጀታው የተለጠፈባቸውን ሁለቱን ቦታዎች ጭምር ማየት ነው። በቀለም ወይም በቫርኒሽ ያጌጠው ለመደርደሪያ እንጂ ለከሰል አይሆንም፤ ቀለሙ ሲቃጠል ሽታው ቡናው ውስጥ ይገባል።

ወደ ምጣዱ ልመለስ፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። አዲስ ምጣድ መጀመሪያ በትንሽ እሳት ብቻ ይሞቃል፤ ሊጥ የለም፣ ጥድፊያም የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል በለሰለሰ እሳት ላይ ሲቆይ ከፊቱ እርጥበቱ ሲተን ይታያል። ደረቅ ሙቀት ሲይዝ ታምሶ የተወቀጠ የጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ ለአንድ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ዙር አንድ ሲኒ ያህል ይበቃል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ እየተጫኑ ማሸት ነው። መጀመሪያ ይጨሳል፤ ዱቄቱ ይጠቁራል፣ ዘይቱን ይለቃል፣ የሸክላውን ቀዳዳዎች እየሞላ እዚያው ይደርቃል። ያረረውን ጠርጎ እንደገና መነስነስ። ሦስት ዙር ካለፈ በኋላ ቀይ የነበረው ፊት ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ጨርቁም ሳይያዝ መንሸራተት ይጀምራል። ምጣዱ መድረሱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ሊይዙ፣ ዓይናቸውም ሊጠፋ ይችላል። «የምጣድ ማሟሻ» የሚለው አነጋገር ከዚሁ የመጣ ነውና ማንም አይደንግጥ።

ከዚያ በኋላ ምጣድ በሳሙና አይታጠብም። ሳሙናው ያንን የጎመን ዘር ቆዳ ይገፈዋል፣ የተረፈው ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ተደብቆ በሚቀጥለው እንጀራ ይቀመሳል። በማሰሻ መጥረግ በቂ ነው። መያዝ ከጀመረ ጥቂት ጎመን ዘር ነስንሶ ማሸት ይመልሰዋል።

ድስት ሌላ ነው። ለአንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ውስጡ ዘይት ይቀባል። ቀጥሎ የገብስ ወይም የአጃ ዱቄት ቀጠን ተደርጎ ይበጠበጥና እስከ አፉ ሲሶ ሲቀረው ተሞልቶ በለስላሳ እሳት አንድ ሰዓት ያህል ይንተከተካል። ዱቄቱ ቀዳዳውን ይደፍናል። ብጥብጡ ውስጡ እንዳለ ድስቱን እስኪቀዘቅዝ መተው እንጂ ትኩሱን ደፍቶ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ አይገባም። በመጀመሪያ ቀናት ውጪው ላይ ላብ የመሰለ እርጥበት ቢታይ አያስፈራም፤ እንስራ ውሃውን የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ላቡ ነው።

ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ነው የሚቀበለው፤ ቀስ ብሎም ነው የሚለቀው። ሽሮው ከእሳት ወርዶ ገበታ ላይ ሲንተከተክ የምናየው ለዚህ ነው። የሚሰነጠቀውም በዚሁ ጠባዩ ነው፤ አንዱ ወገን ሞቆ ሌላው ቀዝቃዛ ሲሆን የሞቀው ይለጠጣል፣ ያልሞቀው አልለጠጥ ይላል። ባዶ ድስት በነደደ ቡታጋዝ ላይ መጣድ፣ በጋለ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር፣ ከእሳት አውርዶ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥ፣ ሦስቱም ውጤታቸው አንድ ነው። ወጥ ሲጠነክር የሚጨመረው ውሃ የፈላ ይሁን። ነበልባሉ አንድ ቦታ እንዳይመታው በቡታጋዙና በድስቱ መካከል ወፈር ያለ ላሜራ ማድረግ ይረዳል። የወረደ ጀበናም ቦታው ማቶት ላይ ነው። ውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልጨምር፦ የኢንዳክሽን ምድጃ የሚያሞቀው ማግኔት የሚስበውን ብረት ብቻ ነው፤ ጀበና ይዞ እዚያ ላይ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

ጀበናውን ለማሟሸት ደግሞ ተጠቅመን የምንደፋው የቡና አተላ ይበቃል። አተላውን በውሃ ሞልቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ማፍላትና በየመሐሉ ማቀዝቀዝ ነው። የአፈሩ ጣዕም ይወጣል፣ የቡናው ይገባል።

የኤሌክትሪክ ምጣድም ፊቱ ያው ሸክላ መሆኑ ይረሳል። ከሥሩ ቦይ ተቀዶለት የማሞቂያው ሽቦ እዚያ ውስጥ ይቀበራል። አዲሱን በሙሉ ኃይል ለረጅም ሰዓት መልቀቅ እርጥበቱን በአንዴ አፍልቶ ይሰነጥቀዋል። ጥቂት ደቂቃ አብርቶ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና አብርቶ ማላመድ ነው፤ ከዚያ የጎመን ዘሩ ሥራ ይቀጥላል። ከተሰነጠቀ ግን አንድ ቀን እንኳ አይጋገርበት። ሊጡ በስንጥቁ ወርዶ ሽቦውን ሲያገኝ ጋጋሪዋን ኤሌክትሪክ ይይዛታል። ሸክላው ብቻ ተለይቶ ይቀየራል፤ ብረቱና ክዳኑ ያገለግላሉ።

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ የዕቃውን ዋጋ ስንከራከር ግን ንቀቱ ዛሬም ከአፋችን ያመልጣል። አፈሩን ተሸክማ፣ ጢሱን ታግሳ፣ በአንድ ዝናብ የአንድ ሙሉ እሳት ሥራ የሚበላሽባት ሴት የጠየቀችው ዋጋ በዝቶ አያውቅም።

ከነጋዴዎች የምለምነው ጥቂት ነገር ነው፦ ለጌጥ የሆነውንና ለእሳት የሆነውን ለያይታችሁ ደርድሩ፤ በክረምት የተተኮሰውን ከበጋው አትቀላቅሉ፤ ምጣድ ስትሸጡም አንድ እፍኝ ጎመን ዘር በወረቀት ጠቅልላችሁ ጨምሩበት። ከእርስዎ ከአዘጋጁ ደግሞ በሚቀጥለው የበዓል እትማችሁ ከጀበናው ፎቶግራፍ ጎን ስለ አሟሟሹ አሥር መስመር ያህል ቦታ እንዲሰጡልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጉለሌ