የከተሞች ንጽጽር ወሰንን ይጠይቃል

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በአንድ ክልል የሚገኙ ከተሞችን በዘላቂ ልማት ውጤታቸው ከአንደኛ እስከ መጨረሻ የሚደረድሩ ሰንጠረዦች፣ በጀት ለመደልደል ሳይቀር እንዳሉ ሲወሰዱ ማየት በእጅጉ ያሳስበኛል።

ከሁሉ በፊት ከተማ ተብሎ የሚለካው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዱ ከተማ የአስተዳደር ወሰን ደንና የእርሻ መሬት ሲያካትት፣ የሌላው ዳር ሰፈሮቹን ውጭ ስለሚያስቀር፣ የነፍስ ወከፍ አረንጓዴ ቦታቸውን ማወዳደር ትርጉም ያጣል። የተባበሩት መንግሥታት የስታትስቲክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀበለው ዘዴ፣ ከተማን በካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 1,500 ሰዎች የሚኖሩበትና በድምሩ 50,000 ወይም ከዚያ በላይ ነዋሪ ያለው ተያያዥ አካባቢ አድርጎ የሚለየው ይህንኑ መዛባት ለማረም ነው። ሆኖም በየሰንጠረዡ ይህን መለኪያ የሚጠቀም ብዙም አላይም።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ከተሞቹ የማይነጣጠሉ መሆናቸው መዘንጋቱ ነው። ቆሻሻውን ከወሰኑ ውጭ የሚደፋ፣ ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ወንዝ የሚለቅ ከተማ ንጹሕ ተብሎ ሲመሰገን፣ በወንዙ ግርጌ ያለው ጎረቤቱ ባላጠፋው ጥፋት ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል። የክልል ንጽጽር ዋና ጥቅሙ ግን ይህን የጋራ ሸክም ማሳየት ነበር! የሁሉም መለኪያዎች አጠቃላይ አማካይ ነጥብም ችግርን ይደብቃል፤ አንድ ከተማ በመጠጥ ውኃ እጦት ያጣውን ነጥብ በመኪና መንገዶቹ ጥራት ያካክስለታል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ እንዲህ ያሉ ደረጃዎችን ሲያትም የተወሰደውን ወሰን፣ የመረጃውን ዘመንና የእያንዳንዱን አመልካች ውጤት ለየብቻ አብሮ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።