ማስረጃውን በረድፍ እንሙላው

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣዎ ስለ አደጋና ስለ በሽታ ሲዘግብ «መንስኤው ይህ ነው» የሚል ቃል ደጋግሞ ስለሚያወጣ፣ ከባልደረቦቼ ጋር በአማርኛ እየሠራነው ስላለው የመላ ምት ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ ልጽፍልዎ ወደድሁ። ዘዴው የእኛ አይደለም፤ በአሜሪካው ሲአይኤ ለረጅም ዓመታት የሠሩት ሪቻርድስ ሂወር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቀየሱት ነው። መላ ምቶች ከላይ በአግድም፣ ማስረጃዎች በጎን ወደ ታች ይጻፉና እያንዳንዱ ክፍል «ይስማማል» ወይም «ይጋጫል» ተብሎ ይሞላል። ሚዛን የሚደፋውም ብዙ ደጋፊ ያገኘው ሳይሆን ጥቂት ተቃራኒ የገጠመው መላ ምት ነው።

ለሙከራ የወሰድነው የእግር ዝሆኔን ነው። ትንኝ የምታስተላልፈው የፊላሪያ ትል፣ የዘር በሽታ፣ በባዶ እግር የሚረገጥ ቀይ አፈር የሚሉ ሦስት መላ ምቶችን ጻፍን። አንድ የጤና ባለሙያ ሲሞክረው የሚያምንበትን ዓምድ ከላይ እስከ ታች «ይስማማል» እያለ ከጨረሰ በኋላ ወደ ሌሎቹ ተሻገረ። ስለዚህ ገጹን ለወጥነው፤ አሁን አንድ ማስረጃ ብቻ ይታያል፣ ከሦስቱም ጋር ካልተመዘነ ቀጣዩ አይከፈትም። «ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ይታመማል» የሚለው፣ ብዙዎች የዘር ለመሆኑ ቁርጥ ማስረጃ የሚያደርጉት፣ ለሦስቱም ስለሚስማማ አንዱንም ከአንዱ አይለይም፤ ቤተሰብ የሚኖረው በአንድ አፈር ላይ ነውና። የሚለየው፣ ትሉ በማይተላለፍበት ደጋ በሽታው መብዛቱና ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ የሚከላከለው መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስም በአገራችን ባደረጉት ጥናት ያመለከቱት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን ቀይ አፈር ነበር።

ይሁን እንጂ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በዘር በወረሱት ተፈጥሮ ምክንያት አፈሩ ይበልጥ የሚጎዳቸው ሰዎች መኖራቸውን አሳይተዋል። የተሸነፈውን ዓምድ የማንሰርዘውም ለዚህ ነው፤ ደብዝዞ ይቆያል፣ «ዘር ብቻ» የነበረው «ዘርና አፈር» ተብሎ እንደገና ሊመዘን ይችላል። «ዘራቸው ነው» እየተባለ ጋብቻ የተነፈጋቸውን ቤተሰቦች ለሚያውቅ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

ዘጋቢዎችዎ ስለ መንስኤ ሲጽፉ የቀሩትን መላ ምቶችና እነርሱን የጣለውን ማስረጃ አብረው እንዲያትሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪዎ፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ