ይድረስ ለአባዬ፣ ድሬዳዋ

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «የኛ ባቡር እንደሆነ አልቆለታል፣ ማን ያስታውሰዋል» ያልከኝ ከሆዴ አልወጣ አለ። እኔ በዚህ አልስማማም።

አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመጣውን ባቡር እንዲዘረጋ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስወጣ ሲል መስመሩ ቆላ ለቆላ መጥቶ በ1895 ደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ፤ ከተማችንም እዚያው ተቆረቆረች። ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ከስሮ፣ ሌላ ተተክቶ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በጣሊያን ጊዜ ጥጥ ፋብሪካውና ሲሚንቶ ፋብሪካው ድሬዳዋ ላይ የተተከሉትም ሐዲዱን ተከትለው ነው። ከዚራን ብትል፣ መጋላን ብትል፣ የባቡር እንጀራ ያልበላ ቤት የት አለ?

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የናንተ የባቡር መጠገኛ ወርክሾፕ ነው። ልጅ ሆኜ ምሳህን ይዤ ስመጣ፣ ጎንበስ ብለህ የፉርጎውን የብረት ጎማ በመዶሻ መታ ታደርግና ጆሮህን ትሰጠዋለህ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ታልፈዋለህ፤ ድምፁ ከታፈነ «ይሄ ተሰንጥቋል» ብለህ በጠመኔ ምልክት ታደርግበታለህ። እኔ ስንጥቁን ባይኔ ብፈልገው አላገኘውም። ከፈረንሳይ ዕቃ እስኪመጣ ስንት ወር መጠበቅ ነው፤ እናንተ ግን ብረቱን እዚያው አቅልጣችሁ፣ በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን፣ ቀርጻችሁ ትገጥሙታላችሁ። በ1969 ድልድዮቹ ፈንድተው መስመሩ ሲቋረጥ መልሶ ያስኬደው የናንተ እጅ ነው። ይህን ሙያ እንደ ተራ ነገር ስታወራው ያናድደኛል።

አዲሱን ባቡር አልጠላውም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፣ ሐዲዱም ሰፊ ነው፣ ከ2010 ጀምሮ የጅቡቲን ጭነት እያመላለሰ ነው፤ አገሪቱ ያስፈልጋታል። ግን ጣቢያው ከከተማ ወጥቷል። የናንተው ከተማ መሀል ይገባ ነበር፤ ኤረር ጣቢያ ላይ በመስኮት ብርቱካን የምትሸጥልን ሴትዮ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ባቡር ነው። እሱ ሲቆም የነዚያን ትንንሽ ጣቢያዎች ኑሮ የተካ ነገር አላየሁም።

እናም አንድ ነገር ልለምንህ። መካኒካል የምትማረው የልጅ ልጅህ ክረምት ላይ አንተ ጋ ትመጣለች። ወርክሾፑ ውስጥ አሮጌዎቹ ማሽኖች አሁንም አሉና ይዘሃት ግባ። የቱ ማሽን ለምን እንደሚሠራ፣ ማን ምን እንዳስተማረህ፣ አብረውህ የሠሩትን ስም ሳይቀር ንገራት። እሷ በስልኳ ትቀዳለች። ጎማውንም በመዶሻ መትተህ አሰማት፤ ይህን ትምህርት ቤት አላስተማሯትም። ጠዋት ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። ጉልበትህ እንዳይጎዳ ባጃጅ ያዙ፣ ሒሳቡን እኔ እልካለሁ።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ