ለባሕር ውሃ የሚሆን ስቴንለስ በማግኔት አይለይም

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለጅቡቲ ወደብ የምታዙትን የፓምፕ ሻፍትና ቡሎን ስትረከቡ ማግኔት የምታስጠጉ ብዙ ናችሁ። ከሳበው «ስቴንለስ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። ችግሩ፣ እንዲህ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ 2205 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ለባሕር 316 ከሚባለው የተሻለው።

ከስቴንለስ ዓይነቶች 304ም 316ም ኒኬላቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ማግኔት አይስባቸውም፤ በቀዝቃዛው የተቀጠቀጠ የ304 ቡሎን ግን ትንሽ ሊሳብ ይችላል። 2205 ኒኬሉ 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ ይሳባል። ማግኔቱ ስለ ዝገት የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ዝገትን የሚከላከለው ክሮሚየም ነው፤ 10.5 በመቶ ሲደርስ ብረቱን በዓይን በማይታይ ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ሽፋኑ ቢጫርም ኦክስጅን ካገኘ መልሶ ይደፈናል። የባሕር ውሃ በሊትር 19 ግራም ገደማ ክሎራይድ ይዟል፤ እሱ ሽፋኑን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበሳዋል። ከላይ የመርፌ ቀዳዳ ታያላችሁ፣ ውስጡ ግን ተቦርቡሯል። ይህን የሚቋቋሙት ሞሊብዲነምና ናይትሮጅን ናቸው። ብረቱ ይህን መበሳት ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳየው ስሌት፦ ክሮሚየም + 3.3 × ሞሊብዲነም + 16 × ናይትሮጅን፣ ሁሉም በመቶኛ። 304 ወደ 19 ይመጣል፣ 316 ወደ 24፣ 2205 ወደ 35፤ 2507 የሚባለው ስቴንለስ ከ40 ያልፋል። ኒኬል ዋጋ ያስወድዳል እንጂ በስሌቱ ውስጥ የለበትም።

ውሃ ለሚረጨውና ቶሎ ቶሎ ለሚታጠብ ዕቃ 316 ይበቃል። ሁልጊዜ ለሚጠልቅ፣ በተለይ እንደ ቀይ ባሕር በሞቀ ውሃ ውስጥ፣ በዚህ ስሌት ከ40 በታች የሚመጣውን አንመክርም። 316 መጀመሪያ የሚበላው በጋስኬትና በቡሎን ራስ ሥር ነው፤ እዚያ ኦክስጅን ስለማይደርስ ሽፋኑ አይታደስም። ፓምፑ ለቀናት የሚቆም ከሆነ የባሕሩን ውሃ አፍስሳችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ቶርኖ ቤቶች 303 የሚባለውን ስቴንለስ የሚወዱት ለመቁረጥ ስለሚቀል ነው። የሚያቀለው የተጨመረበት ሰልፈር ነው፣ ቀዳዳውም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ለባሕር አትቀበሉት።

ለሚበየድ ዕቃ 316ኤል ውሰዱ፤ ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ አይበልጥም። ካርቦን ከበዛ በብየዳው ሙቀት ክሮሚየሙን ስቦ ይይዝና የብየዳው ዳር ይዝጋል። ከብየዳ በኋላ የሚቀረውን ሰማያዊ ቀለም በአሲድ ቅባት አስነሱት፤ ቅባቱ አደገኛ ስለሆነ ያለ ጓንትና መነጽር አይነካ። በተራ የብረት ብሩሽ ከፈተጋችሁት ብሩሹ ራሱ ዝገት ይተክልበታል።

ስትረከቡ የፋብሪካውን ሰርተፊኬት ጠይቁ፤ 316 ከሆነ የሞሊብዲነሙ መስመር ከ2.0 በታች መሆን የለበትም። ስታዙ ደግሞ ዕቃው ይጠልቅ ወይም ይረጭ እንደሆነ፣ የውሃውን ሙቀትና ፓምፑ ስንት ቀን እንደሚቆም ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፕ ክፍል