የሚስጥር ቁጥርን ጮክ ብሎ መናገር ማን አስለመደን?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

«የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ» የሚለውን ማሳሰቢያ በሬዲዮ ሳልሰማው ወይም በባንክ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳላየው የሰነበትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ምክሩ ትክክል ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ያንኑ ምክር በየቀኑ የሚያፈርሰው አሠራር ለምን እንደቀጠለ ለመጠየቅ ነው።

አክስቴ ደሴ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ አኃዝ ግን አሳምራ ታውቃለች፤ ሂሳብ ላይ እኔን ታስከነዳኛለች። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ደወለላት። ከባንክ ነኝ አላት። ስሟን እስከ አያቷ ጠራላት፤ የትውልድ ዘመኗንና የፋይዳ ቁጥሯን ሳይሳሳት ነገራት። «እናቴ፣ ሂሳብዎ ከፋይዳ ጋር ስላልተሳሰረ ሊዘጋ ነው። አሁን ስልክዎ ላይ የሚገባውን ቁጥር ይንገሩኝ» አለ። ነገረችው። የሚስጥር ቁጥሯንም ጠየቃት፤ እሱንም ነገረችው። ለአዲሱ በርበሬ መግዣ ያጠራቀመችው 38,000 ብር ቡናዋ ሳይፈላ ወጥቶ አለቀ።

ቤተሰቡ ሁሉ ተቆጣት። እኔም ተቆጥቻታለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ምን አጠፋሁ? ሁልጊዜ የማደርገውን ነው ያደረግኩት» አለችኝ። ነገሩን ሳጤነው እውነቷን ነው።

የፋይዳ ካርዷን ያሳተመችው ገበያው ዳር ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ልጁ 12 አኃዝ ያለውን ቁጥሯን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ፤ ስልኳ ላይ የማረጋገጫ ኮድ ገባ፤ «ኮዱን ንገሪኝ» አላት፤ ነገረችው፤ ካርዱ ታተመ። ብር ለመላክ ወደ ወኪል ስትሄድም ስልኳን ተቀብሎ «የሚስጥር ቁጥር?» ይላታል። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ ትናገራለች። ማንም በክፋት ያደረገው አይደለም፤ ልጁም ወኪሉም ሊረዷት ነው። አስተምረዋታል ግን። ትሕትና ባለው ድምፅ ኮድ ለሚጠይቅ ሰው ኮድ መንገር የአገልግሎቱ ወግ እንደሆነ ዓመታት ሙሉ አስተምረዋታል። ሌባው ያደረገው ነገር ቢኖር እኛ ያስለመድናትን መጠየቅ ብቻ ነው። ኮዱን ይዞ የመጣው መልእክት «ለማንም አይንገሩ» ይላል፤ የሚለው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ዝርዝር መረጃዋ ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ ያለማስረጃ ማንንም አልከስም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የራሴን ካርድ ላሳትም ወደ ሌላ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። ልጁ የእኔን ፋይል ሲፈልግ የማላውቃቸው ሰዎች መታወቂያዎች በስማቸው ተደርድረው በስክሪኑ ላይ አየሁ፤ ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ስልክ። የእኔን እንዲያጠፋው ጠየቅኩት። «ነገ ድጋሚ ብትፈልገውስ?» አለኝ፤ ከልቡ ነው። መታወቂያችንን ለሥራ ማመልከቻ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለዕቁብ ሳይቀር ኮፒ እያደረግን ስንሰጥ ኮፒው የት እንደሚገባ ጠይቀን እናውቃለን?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሰበሰበ ሁሉ ለሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲጠቀምበትና እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ የማስፈጸሙ ኃላፊነትም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ቴሌብር ከጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘባችን ከኪሳችን ወደ ስልካችን የተዛወረበት ፍጥነት አስደናቂ ነው፤ ጥበቃው ግን የዚያን ፍጥነት ሩብ እንኳ አላገኘም። እኛ ሰኞ ጠዋት ስናመለክት የተነገረን «ገንዘቡ የገባበትን ሂሳብ ለማገድ የፖሊስ ደብዳቤ አምጡ» የሚል ነበር። ደብዳቤው ሲደርስ ገንዘቡ ሦስተኛ ሂሳብ ዘልቋል።

የምጠይቀው የማይቻል ነገር አይደለም። የኮድ መልእክት ደንበኛው በሚናገረው ቋንቋ ይምጣ፤ «ይህ ቁጥር ገንዘብዎን ለማውጣት ነው» ብሎ በግልጽ ይጀምር። ማንበብ ለማይችል ሰው ደውሎ በድምፅ ይንገረው። ፋይዳ ሲሰጠን የአሥሩንም ጣቶቻችንን አሻራ ወስዷል፤ ካርድ ለማሳተም አሻራ በቂ ሆኖ ሳለ ኮድ በአፍ የሚነገርበት ምክንያት ምንድን ነው? ባንኮችም ደንበኛቸው ተዘረፍኩ ብሎ በደወለ ሰዓት፣ ቅዳሜም ይሁን እሑድ፣ ሂሳቡን ለጊዜው ያግዱ፤ የፖሊሱ ደብዳቤ በኋላ ይድረስ። እናንተም ባለሥልጣኑን ጠይቃችሁ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹን ማን እንደሚቆጣጠር በገጻችሁ ብታሳውቁን ውለታ ነው።

አክስቴ አሁን ብሯን በመቀነቷ ቋጥራ ነው ገበያ የምትውለው። ማታ ስትመለስ መንገዱ ጨለማ ስለሆነ ልጇ ወጥቶ ይቀበላታል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደሴ