ስለ ወንድሜ የሚያውቁ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አእምሮ ጤና የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። በፈረንጆቹ ጥቅምት 10 የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሲደርስ ደግሞ ሁሉም መገናኛ ብዙኃን ጉዳዩን ያነሳዋል። ወሬው ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፦ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ቁጥር ትንሽ ነው። እውነት ነው፣ ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ አገር ማሠልጠን የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ግን ማንሳት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ያሉትስ ባለሙያዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ ወይ?

የምኖረው ዓለም ገና ነው። ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል ከባድ የአእምሮ ሕመም አለበት፤ መታከም ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ሆስፒታል ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ። ከዓለም ገና አየር ጤና፣ ከአየር ጤና መሀል ከተማ፣ ታክሲ እየቀያየርን እንሄዳለን። ሳይነጋ ወጥተን ካርድ ክፍል እንሰለፋለን። ሐኪሙ ጋ ስንገባ የሚደርሰን ጥቂት ደቂቃ ነው። አልፈርድበትም፤ በሩ ላይ የሚጠብቀውን ሰው ብዛት በዓይኔ አያለሁ።

«ድምፅ ይሰማሃል?»

«አይ።»

«እንቅልፍስ?»

«ደህና ነው።»

ያው መድኃኒት ይታዘዛል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ እንወጣለን።

አንድ ሰሞን ወንድሜ መቀመጥ አቃተው። ምሳ ሲቀርብለት ትንሽ ጎራርሶ ይነሳል። ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ይመላለሳል። ሲቆም እንኳ አንዱን እግር ያነሳል፣ ሌላውን ይጥላል። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ኮቴውን እየሰማች ታድራለች። ሁላችንም በሽታው ተነሳበት ብለን ደመደምን። ሆስፒታል ስንሄድ ተረኛው ሌላ ሐኪም ነበር። ወንድሜ ዕረፍት ማጣቱን ሲሰማ የመድኃኒቱን መጠን ጨመረ። ባሰበት።

ነገሩ የገባው ሰፈራችን ያለው ፋርማሲስት ነው። ማዘዣውን አንብቦ ቀና አለና ባንኮኒው ፊት ቆሞ እግሩን የሚያቀያይረውን ወንድሜን ተመለከተው። «አላስቀምጥ ያለህ እግርህ ነው ወይስ ሐሳብህ?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ ሳያመነታ «እግሬ ነው፤ ውስጡን የሆነ ነገር ይበላኛል» አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። አካቲዚያ ይባላል። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ ቆየት ያሉ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች በተለይ የሚያመጡት የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ለሚያየው ሰው በሽታው ያገረሸ ይመስላል፤ መድኃኒቱ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ፋርማሲስቱ በማዘዣው ጀርባ ለሐኪሙ ሁለት መስመር ጻፈ። እኔ ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ አነበበው፣ አመሰገነ፣ መጠኑን ቀነሰ፣ እረፍት ማጣቱን የሚያስታግስ ሌላ መድኃኒት ጨመረለት። ወንድሜ ቀስ በቀስ ቁጭ ብሎ መብላት ቻለ።

እኔ እስከማውቀው ድረስ እስከዚያን ጊዜ ሁለት ባለሙያዎች ስለ ወንድሜ የተነጋገሩት በዚያ ወረቀት ጀርባ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ሌላ ሰው መድኃኒቱን ቢሰጠን ኖሮ፣ ወይም እኔ ወረቀቱን ጥዬው ቢሆን ኖሮ፣ ወንድሜ መድኃኒቱን እርግፍ አድርጎ ይተወው ነበር። ብዙ ሰው የሚተወው እንዲህ ነው። ከዚያ «ታማሚው እምቢ አለ» ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፋል።

የአእምሮ ሕመም እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ሥራን፣ ትዳርን፣ ብድርን፣ ጸሎትን ሁሉ ይነካል። ሐኪሙ የሚያየው ምልክቱን ነው። ነርሷ መርፌውን ስትወጋ ክብደቱ መቀነሱን ታያለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤታችን መጥታ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ታውቃለች። እናቴ ሌሊቱን ታውቃለች። ሁሉም ቁራጭ ቁራጩን ይዞ ይሄዳል። ቁራጮቹን ሰብስቦ የሚያይ የለም።

ምግብን ልውሰድ። ታማሚዎች ተሰብስበው ሲያወሩ የምሰማው ነገር አለ፤ «መድኃኒቱ ምግብ ይፈልጋል» ይላሉ። ቡታጅራ አካባቢ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ በተጠየቁበት ጥናትም የምግብ እጦት ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ወጥቷል። መድኃኒቱ ያስርባል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚበላ የለም። ሰውየው ረሃቡን ከሚችል መድኃኒቱን ይተዋል። ሐኪም ለዚህ የሚያዘው ኪኒን የለውም። ሶሻል ወርከር፣ ማለትም የማኅበራዊ ድጋፍ ባለሙያ፣ ግን ሊሠራው የሚችለው ነገር አለ። ቤተሰቡ ለከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ መመዝገብ ይችል እንደሆነ ያጣራል፣ ወረዳ ሄዶ ያስረዳል፣ ማስረጃ እንዲጻፍ ሐኪሙን ይጠይቃል። ሐኪሙ ረሃቡን ካልሰማ፣ ሶሻል ወርከሩም መድኃኒቱ እንደሚያስርብ ካላወቀ፣ ሰውየው በሁለቱ መካከል ይጠፋል።

ሥራም እንደዚሁ ነው። ወንድሜ ከመታመሙ በፊት እንጨት ቤት ይሠራ ነበር፤ እጁ የተባረከ ነው። ሻል ሲለው መመለስ ፈለገ። እናቴ ፈራች። የእንጨት ቤቱ ባለቤትም ፈራ። የጤና ጣቢያችን የሥነ አእምሮ ነርስ ወንድሜን አስፈቅዳ ባለቤቱን አነጋገረችው። መድኃኒቱ ከሰዓት በፊት እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚያሰኘው ከመጋዝ ማሽኑ እንዲርቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት በማለስለስና ቫርኒሽ በመቀባት እንዲጀምር ተስማሙ። መድኃኒቱ ወደ ማታ ይዛወርለት እንደሆነም ሐኪሙን በስልክ ጠየቀች፣ ተዛወረ። ሥራዋ ነው ብሎ ያዘዛት አልነበረም፤ ስልኩም ካርዱም የራሷ ነበር። ሰውን ወደ ሥራው የመመለስ ትምህርት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀምሯል። እነዚህ ልጆች ሲመረቁ የሚቀመጡበት ወንበር ከአሁኑ ቢታሰብበት እላለሁ።

ስለ ጸበልም ልናገር፤ ይህን ሳያነሱ ማለፍ የእኛን ቤት አለማወቅ ነው። እናቴ ወንድሜን እንጦጦ ታስጠምቀዋለች። ጎረቤታችን ሼኩ ጋ ትወስዳለች፤ ሌላው ፓስተሩ ጋ ይሄዳል። ሐኪሙ ጸበሉን ሲያጣጥል እናቴ ዝም ትላለች፣ መድኃኒቱንም በልቧ ትጠራጠራለች። ጸበል ቦታ ደግሞ «መድኃኒት የሚወስድ አይጠመቅ» የሚል ሰው አይጠፋም። ልጁ መሀል ላይ ይቀራል። ይህ መሆን የለበትም። እዚያው እንጦጦ ጸበሉ አጠገብ የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች ከሃይማኖት አገልጋዮች ጋር ተባብረው ሲያክሙ የነበረበት ተሞክሮ በ2021 እ.ኤ.አ. በአንድ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት ታትሟል። ጸበሉም መድኃኒቱም ሳይጋጩ ጎን ለጎን መሄድ እንደሚችሉ አሳይቷል። አባቶችን ያላካተተ ቡድን ቢያንስ በእኛ ሰፈር ግማሽ ቡድን ነው።

«ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ከእኛ ከዓለም ገና የቡታጅራን መንገድ ይዞ የሚወርድ ሰው ሶዶ ወረዳን ያገኛል። በዚያው መንገድ፣ ቡታጅራ አካባቢ፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው፣ ከኋላቸው የሚያማክራቸው ባለሙያ ኖሮ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በቅርብ ተከታተሉ። ውጤቱ በሆስፒታል የሥነ አእምሮ ነርስ ከሚሰጠው ክትትል እንደማያንስ በ2022 እ.ኤ.አ. ላንሴት ሳይካትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። በዚያው ዓመት፣ ላንሴት ግሎባል ኸልዝ በተባለው መጽሔት፣ ከሶዶ ወረዳ ሌላ ጥናትም ወጥቷል። የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ቤት ድረስ እየሄዱ ደገፉ። የጤና ጣቢያው ሕክምና እንዳለ ሆኖ ይህ ሲጨመር፣ ከ12 ወራት በኋላ ሰዎቹ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ መምራት ችለዋል። ሶዶ ሀብታም አገር አይደለም። ማስረጃው የራሳችን ነው፤ ሰዎቹም የእኛው ናቸው። ለእኛ ጤና ጣቢያ ያልደረሰው ለምንድን ነው?

መልሱ ገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። አንዱ ችግር መፈራራት ነው። በጤና ተቋሞቻችን ነርስ ሐኪምን «ይህ የጎንዮሽ ጉዳት ይመስለኛል» ብላ ለመናገር ትቸገራለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደግሞ ነርሷን። አስታማሚ ከሁሉም በታች ነው፤ «እናንተ ውጡ፣ ከእሱ ጋር እናውራ» እንባላለን። ከታማሚው ጋር ለብቻ ማውራት መብቱ ነው፣ አልቃወምም። ከዚያ በኋላ ግን ጠርቶ «እናንተስ ምን አያችሁ?» የሚል ያስፈልጋል። ቡድን ማለት ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይደለም። ታናሹ ሲናገር ትልቁ የሚያዳምጥበት ቦታ ካልሆነ፣ አካቲዚያውን ያየው ሰው ዝም ይላል።

ሌላው ወሰን ነው። እኛ የምንኖረው የአዲስ አበባ ጫፍ ላይ፣ ሸገር ከተማ ውስጥ ነው። ጤና ጣቢያችን በአንድ አስተዳደር፣ ሆስፒታሉ በሌላ ነው። ሪፈር ወረቀት ይዘን እንሄዳለን፤ ሆስፒታሉ ያደረገውን የሚነግር መልስ ወደ ጤና ጣቢያው ሲመለስ ግን አላየሁም። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖብናል። ቋንቋም አለ። ጎረቤቶቼ ብዙዎቹ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ናቸው። ሰው ውስጡን የሚናገረው በአፍ መፍቻው ነው፤ ከቡድኑ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው የታማሚውን ቋንቋ መስማት አለበት።

የምለው ነገር ትልቅ ሕንፃ አይጠይቅም። በወር አንድ ቀን፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ የሥነ አእምሮ ነርሷ፣ ጤና መኮንኑ፣ ፋርማሲስቱና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይቀመጡ። ሶሻል ወርከር ካለ ይጨመር፣ ከሌለ ከወረዳው ይጠራ። የሆስፒታሉ ሐኪም በስልክ ይግባ። ለከበዱት ታማሚዎች ሁሉም የሚጽፍበት አንድ ወረቀት ይኑር። ለእያንዳንዱ ታማሚ ደግሞ በስም የሚታወቅ አንድ ተጠሪ ይመደብ፤ ሁሉም ኃላፊ ነው ሲባል ማንም ስልክ አያነሳም። ታማሚው ራሱ ፈቅዶ ይግባ፣ የሚፈልገውን ይናገር፣ ከቤተሰቡ ማን እንዲመጣ እሱ ይምረጥ። የተነገረው ነገር ከክፍሉ አይውጣ። ዕድርና ቡና ላይ የሚደርስ ከሆነ ማንም ሁለተኛ አይመጣም።

ባለሙያዎቹ ሥራ እንደበዛባቸው አውቃለሁ፤ ሲስተሮቹ ምሳ ሳይበሉ ሲውሉ አይቻለሁ። ነገር ግን ወንድሜ ያለአግባብ መድኃኒት ተጨምሮበት ስንት ጊዜ ተመላለስን! ስንቱ ወረፋ፣ ስንቱ ካርድ በእኛ ተያዘ! አንዴ ቢነጋገሩ ኖሮ ያ ሁሉ የእነሱም ጊዜ ይተርፍ ነበር።

ከእናንተ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሪፖርተሮቻችሁ ስለ አእምሮ ጤና ሊዘግቡ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሲሄዱ፣ የሐኪሞቹን ቁጥር ከጠየቁ በኋላ ይህንንም ይጠይቁልን፦ ባለሙያዎቹ ስለ አንድ ታማሚ አብረው የተቀመጡት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው? ማን ጠራቸው? ፋርማሲስቱ ነበር? ቤተሰቡስ? መልሱን ከነቀኑ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከዓለም ገና