ነጠላውን ብርሃን እንዳይበላው፦ የፎቶ ክበብ በ2017 ዓ.ም

ክበባችን ዘንድሮ ያነሳው ፎቶ በጠቅላላ 108 ነው። አንድ ልጅ በስልኩ አንድ ልደት ላይ ከዚህ በላይ ያነሳል፣ እኛ ግን 12 ሆነን ከመስከረም እስከ ግንቦት ያነሳነው ይሄው ነው፣ ምክንያቱም የሰራነው በስላይድ ፊልም ነው። መጀመሪያ ቀን "ዘንድሮ ስላይድ ነው የምንሰራው" ስላቸው ልጆቹ ፓወር ፖይንት መሰላቸው፣ አሁን ስላይድ ሲባል ሰው የሚያውቀው እሱን ነው፣ ስለዚህ ከጂኦግራፊ ክፍል እቃ ቤት ያገኘሁትን ኮዳክ ካሮሴል ፕሮጀክተር አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ክብ ትሪው 80 ስላይድ ይይዛል። አቧራውን ስንጠርግ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ የጢስ አባይ ፏፏቴ ስላይድ ቀርቶ አገኘን፣ ቀለሙ ወደ ቀይ ሄዷል፣ ግን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ሲያዩት ውሃው ሲወርድ ይታያል። ከእጅ እጅ ተቀባበሉት፣ ከዛ በኋላ ስላይድ ምን እንደሆነ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ለማያውቅ ግን ባጭሩ፦ ኔጋቲቭ ፊልም ሲታጠብ ቀለሙ ተገልብጦ ነው የሚወጣው፣ ወረቀት ላይ ሲታተም ፎቶ ቤቱ ያስተካክለዋል፣ ብርሃን ሁለት ስቶፕ ብታበዛበት እንኳን ይችልሃል (ስቶፕ የብርሃን መለኪያ ነው፣ አንድ ስቶፕ ስትጨምር ብርሃኑ እጥፍ፣ ስትቀንስ ግማሽ ይሆናል)። ስላይድ ላይ መሃል ገብቶ የሚያስተካክልልህ ሰው የለም። ካሜራው ውስጥ የነበረው ያው 24 በ36 ሚሊሜትር ቁራጭ ራሱ ፎቶ ሆኖ ይወጣል፣ የግማሽ ስቶፕ ስህተት ሳይቀር በአይን ይለያል። ከጨለመው ቦታ ስካነር ትንሽ ነገር ያወጣልሃል፣ ብርሃን የበላው ነጭ ግን ባዶ ፕላስቲክ ነው፣ አይመለስም።

ፊልሙን የላከልን ሜሪላንድ የሚኖር የድሮ ተማሪያችን ነው፣ 4 ፍሬ ባለ 36 ፎቶ ኤክታክሮም ኢ100 የሚባል ስላይድ ፊልም፣ ኮዳክ አቁሞት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና ማምረት የጀመረው ማለት ነው። እግዜር ይስጥልን። ካሜራችን አንድ ፔንታክስ ኬ1000 ነው፣ ባትሪው ለብርሃን መለኪያዋ መርፌ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ ሌላው ሁሉ በእጅ ነው። ለጀማሪ ይሄ በጣም ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ልጁ እያንዳንዷን ነገር ራሱ ይወስናል። ለአንድ ልጅ ከአንድ ፊልም 3 ፖዝ ደረሰው።

የመጀመሪያውን ጥቅምት ላይ በወላጆች ቀን አነሳን። እናቶችና አያቶች ነጭ በነጭ ለብሰው ግቢያችን ውስጥ ካለው የጽድ አጥር ፊት ቆሙ፣ ጽዱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ መርፌዋ እሱን አየችና "ጨለማ ነው፣ ብርሃን ጨምር" አለች፣ ልጆቹም የተባሉትን ጨመሩ። ፊልሙ በመንገደኛ ሄዶ ታጥቦ ታህሳስ ላይ ተመለሰ። መስታወት ከስሩ አምፖል አድርገን፣ ነጭ ወረቀት አልብሰን ስላይዶቹን ደረደርናቸው። አንዷ ተማሪ አያቷን አንስታ ነበር፣ የእማማ ፊት ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፣ የጉንጫቸው መስመር ሁሉ ይታያል፣ ነጠላው ግን የለም። "ቲቸር ጥለቱ የት ሄደ?" አለችኝ። ጥለቱም፣ ክሩም፣ የትከሻው እጥፋትም ነጭ ብርሃን ሆኗል። ከ36ቱ ለእይታ የሚበቃው 9 ነበር፣ ብዙዎቹ ልጆች አንገታቸውን ደፉ፣ እኔም አዘንኩ፣ አስቀድሜ ማስጠንቀቅ ነበረብኝ።

ከዛ አንድ ወር ሙሉ ፊልም ሳናስገባ መዳፍ ስንለካ ከረምን። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የምታነሳው ሰው የቆመበት ፀሐይ ላይ መዳፍህን ዘርግተህ ፍሬሙን እንዲሞላ አድርገህ ትለካለህ፣ መርፌዋ የምታየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጋ ነው የምትለካው፣ የመዳፍ ውስጥ ግን ከዚያ ግራጫ አንድ ስቶፕ ያህል ስለሚነጣ መርፌዋ ካለችው ላይ አንድ ስቶፕ ትከፍታለህ። መርፌዋ ኤፍ 16 ላይ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው) 1/250 ሰከንድ ካለች አንተ 1/125 ታደርገዋለህ። ከኋላ ጽድ ይሁን ግድግዳ ለውጥ የለውም። ነጠላ ካለ ደግሞ ከዚያ ላይ ግማሽ ስቶፕ ትቀንሳለህ፣ ፊቱ ትንሽ ጠየም ይላል፣ ይበል፣ ነጩ ግን ይተርፋል። ሰዓቱም ትልቅ ነገር ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ የሰውን አይን ጥቁር ጉድጓድ ታደርገዋለች፣ ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ ብቻ ብለን ወሰንን። ጥላ ውስጥ ያነሳነው ሰማያዊ፣ ክፍል ውስጥ በረጅሙ ነጭ መብራት ያነሳነው አረንጓዴ ሆኖ ነው የመጣው፣ ይሄ ፊልም የተሰራው ለቀን ብርሃን ነው።

ሁለተኛውን ለጥምቀት ጃንሜዳ ወሰድነው፣ ጥር 11 ገና በጠዋቱ። ወርቃማ ጥልፍ ያለው ጥላ፣ ቀይ ከፋይ፣ ያ ሁሉ ነጭ ልብስ፣ ለስላይድ ከዚህ የበለጠ ፈተናም የበለጠ ድግስም የለም። አንዱ ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ካሜራዋን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አንድም አላነሳም፣ ጓደኞቹ ተራ እየጠበቁ ተነጫነጩ፣ በኋላ ፀሐይዋ ከጎን መጥታ የአንድ ዲያቆን ካባ ላይ ስታርፍ አንዴ ተጫነ፣ በቃ። የዓመቱ ምርጥ ፎቶ እሷ ናት።

ስለ አስተጣጠቡ የኬሚስትሪ መምህራችን አንድ ቅዳሜ ሰጥተውን አስተማሩን። ሂደቱ ኢ-6 ይባላል፣ የመጀመሪያው ዴቨሎፐር፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል፣ 38 ዲግሪ ላይ ነው፣ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ቀለሙ ይበላሻል። ፊልሙ ላይ የብር ማዕድን አለ፣ መጀመሪያ ብርሃን ያገኘው ብር ጥቁር ይሆናል፣ ከዛ የቀረው በኬሚካል ተገልብጦ ቀለም ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ ብሩ በሙሉ ታጥቦ ይወጣና ቀለሙ ብቻ ይቀራል። አቅራቢያችን የሚያጥብልን ስላላገኘን ነው የምንልከው። መንገደኛ ስትልኩ አንድ ነገር አደራ፣ ፊልም ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ የዛ ኤክስሬይ ያበላሸዋል፣ በእጅ ተይዞ "በእጅ ፈትሹልኝ" ይባላል።

ሶስተኛውን መጋቢት ላይ ሁሉም በየሰፈሩ አነሳ፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱን አጨልመን ወላጅ ጠራን። የመጀመሪያው ስላይድ ተዘቅዝቆ ወጣ፣ ትሪው ውስጥ ተገልብጦ መግባት እንዳለበት አንዱ ረስቶት ነው። ከዛ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ድምፅ፣ ቀጭ ሲል አዲስ ፎቶ፣ አምፖሉ ሲያሞቀው ስላይዱ ፈገግ እንደማለት ብሎ ከፎከስ ይወጣና መልሰን እናጠራዋለን። ያቺ ተማሪ አያቷን በድጋሚ አንስታቸው ነበር፣ በራቸው ላይ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት። ግድግዳውን ሞልተው ሲመጡ እማማ ከወንበራቸው ተነስተው ተጠጉ፣ የነጠላው ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ጥለቱ አረንጓዴና ወይን ጠጅ። "ይሄንን ጥለት እኮ የሸመነው ጎረቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረው" አሉና እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ቀጣዩን ስላይድ ለማምጣት የቸኮለ ልጅ አልነበረም።

አራተኛው ፊልም ሻይ ክበቡ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው፣ ሳይከፈት። ለ2018 ምዝገባ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው፣ ካሜራ ማምጣት አያስፈልግም፣ መዳፍ ይበቃል።